ክብር ይወረሳል፤ ዕዳስ?

፩

ሰው ሲሞት ከኋላው ሁለት ነገር ይተዋል፤ ያፈራውንና ያጎደለውን። በአብዛኛው አገር ሕግ ወራሽ እጁን ወደ ሀብቱ ከመዘርጋቱ በፊት የሟቹ ዕዳ መከፈል አለበት። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው። ከሕጉ ቀድሞ የኖረው የአገር ልማድ ደግሞ «የአባት ዕዳ ለልጅ» ብሎ ነገሩን በሦስት ቃል ደምድሞታል። ርስቱን ይዞ ዕዳውን የካደ ሰው በዳኛ ፊት ብቻ ሳይሆን በጎረቤት ፊትም ያፍራል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ደንብ ውጭ ሆኖ ለዘመናት የኖረ አንድ የውርስ ዓይነት አለ። እርሱም የክብር ውርስ ነው። የባላባትነት ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ሲሸጋገር የሚሸጋገረው የተግባሩ ዝና ብቻ ነው። ለዝናው የተከፈለው ዋጋ፣ ዋጋውን የከፈለው ወገን ማንነት፣ ሳይወራረድ የቀረው ሒሳብ በማዕረጉ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ክብር የሚወረስ ከሆነ ዕዳው ለማን ይቀራል?

ጥያቄውን በረቂቅ ሐሳብ ከማመላለስ ይልቅ በአንድ ተጨባጭ ታሪክ መመርመር ይሻላል። ከእንግሊዝ የባላባት ማዕረጎች መካከል የወሎን አምባ ስም የተሸከመ አንድ ማዕረግ አለ። «የመቅደላ ባሮን ናፒየር» ይባላል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

፪

የማዕረጉ መሥራች ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር በ1810 በሴይሎን ደሴት፣ በኮሎምቦ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመድፈኛ ጦር መኮንን ነበር፤ በጃቫ ደሴት የኮርኔሊስን ምሽግ ለመያዝ በተደረገው ውጊያ ቆስሎ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የልጁ ሁለተኛ ስም የተወሰደው ከዚያ ምሽግ ነው። ስለዚህ ናፒየር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጦር ኃይል የተያዘ የባዕድ አገር ምሽግ ስም ሲሸከም ኖረ፤ በስተርጅናው ደግሞ በዚያው መንገድ የተገኘ ሌላ ስም ተጨመረለት።

ይህን ሰው በወርቅ አልጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ጌታ አስመስሎ ማቅረብ እውነትን ማጣመም ይሆናል። ያለ አባት ያደገ፣ ገና በ16 ዓመቱ በቤንጋል የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ ገብቶ በሥራው ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ ሰው ነበር። በፑንጃብ መንገድና የመስኖ ቦይ አሠርቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሰው በሲኮች ላይ በተደረጉት ጦርነቶች ተሰልፏል፤ በ1857 የተነሣውን የህንድ ሕዝብ ዐመፅ ከደመሰሱት መኮንኖች አንዱ ነበር፤ በ1860 ወደ ቻይና በዘመተው ጦር ውስጥ አንድ ክፍለ ጦር መርቷል። መንገድ የቀየሰው እጅና ምሽግ ያፈረሰው እጅ አንድ እጅ ነበር። ቅኝ ገዥነት ክፉ ሰዎችን ብቻ የሚያሠራ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ዕድሜው አጭር በሆነ ነበር። ዕድሜውን ያረዘመው ትጉህና ብልህ ሰዎችን ለክፉ ዓላማ ማሰለፍ መቻሉ ነው።

በ1862 ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንቀቱ ያስቆጣው ንጉሥ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰረ፤ ለማስፈታት የተላከውን መልእክተኛም ጨምሮ አሰረው። በ1867 የለንደን መንግሥት ዘመቻ እንዲደረግ ወሰነ። መሪነቱም የቦምቤይ ጦር አዛዥ ለነበረው ለናፒየር ተሰጠ። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ የተነሣው ጦር 13,000 ያህል የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች ነበሩት። ከባድ መሣሪያ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ መጡ። ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የሚያደርስ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተሰበረች። ቴዎድሮስ እጁን ከመስጠት ራሱን ገደለ። የተገደለበት ሽጉጥ ቪክቶሪያ ቀደም ሲል በስጦታ የላከችለት ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዘመቻው ምክንያት የነበሩት አውሮፓውያን እስረኞች አምባው ከመሰበሩ አስቀድሞ ተለቅቀው በናፒየር ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እስረኛ የማስፈታት ሥራ አልነበረም። ወታደሩ በአምባው ላይ የተገኘውን ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ ዘረፈ። ለጭነቱ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተከፈተ፤ ከእንግሊዝ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሰው ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደዚያው ሙዚየም ገቡ። በመጨረሻም መቅደላ በእሳት ጋየች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1868 (እንደ አውሮፓ) ናፒየር «በአቢሲንያ የመቅደላና በቼስተር አውራጃ የካሪንግተን ባሮን» ተባለ። ለእርሱና ከእርሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ወራሽ በየዓመቱ 2,000 ፓውንድ ጡረታ ተቆረጠ። ማዕረጉ በተሰጠበት ቀን መቅደላ የአመድ ክምር ነበረች። ሰውየው የተሰየመው ባቃጠላት ከተማ ስም ነው።

፫

ድል በተነሣ አገር ስም መጠራት የእንግሊዞች ፈጠራ አይደለም። ካርታጎን ያሸነፈው ሮማዊው ሲፒዮ «አፍሪካዊው» ተብሏል። እንግሊዞች ልማዱን ተቀብለው አስፋፉት። ኔልሰን በ1798 የናይል ባሮን ሆነ፤ ኪችነር በ1898 የካርቱም፣ አለንቢ በ1919 የመጊዶ፣ ሞንትጎመሪ በ1946 የአላሜን ጌታ ተባሉ። የናይል ገበሬ፣ የካርቱም ጀልባ ቀዛፊ፣ የመቅደላ እረኛ ስሙ ለማን እንደ ተሰጠ አልተጠየቀም፤ አልተነገረውምም። መሬት ሲወረር ቢያንስ ባለመሬቱ ያያል። ስም ሲወረር ግን ባለስሙ ሳያውቅ ዘመን ያልፋል።

እንግዲህ የውርሱን አሠራር እንመልከት። የእንግሊዝ የባላባት ማዕረግ የሚቋቋመው በዘውዱ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ማን እንደሚወርስ አስቀድሞ ይወስናል፤ በናፒየር ማዕረግ ወራሹ ከእርሱ አብራክ የተገኘ ወንድ ብቻ ነው። ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ እነርሱ በዚህ ውርስ ውስጥ አይቆጠሩም። ናፒየር በህንድ የጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ ቀጥሎም የጂብራልታር ገዥ ከሆነ በኋላ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አግኝቶ በ1890 ሞተ፤ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ማዕረጉን የመጀመሪያ ልጁ እስከ 1921 ያዘው። ቀጥሎ ሁለተኛው ልጁ እስከ 1935፣ ከዚያም ከሁለተኛ ሚስቱ የተወለደው ልጁ እስከ 1948 ወረሱት። ሦስት ወንድማማቾች በተራ የመቅደላ ጌቶች ሆኑ ማለት ነው። አምስተኛው እስከ 1987 ኖረ፤ ከእርሱም ወደ ስድስተኛው ተላለፈ።

ይህ ማዕረግ የጌጥ ስም ብቻ አልነበረም። ባለማዕረጉ በሎርዶች ምክር ቤት ተቀምጦ በሕግ አወጣጥ ላይ ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው። በ1999 የወጣው ሕግ ከ92ቱ በቀር የውርስ ባላባቶችን ሁሉ ከምክር ቤቱ አስወጣ። ከ1868 እስከዚያ ድረስ ለ131 ዓመታት፣ በአንድ የወሎ አምባ ላይ በጥቂት ቀናት የተፈጸመ ድርጊት ለእንግሊዝ ሠራተኛ ሕዝብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ምንጭ ሆኖ ቆየ። በጦር ሜዳ የተገኘ ድልና ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ መሬት ግብር ሕግ የማውጣት ችሎታ ምን ያገናኛቸዋል? ልጅ የአባቱን ጦርነት አልተዋጋም፤ ቢዋጋም ኖሮ የሕግ ሊቅ አያደርገውም ነበር።

የዘመቻው ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር። ከፋዩ የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ሕዝብ ነው፤ የህንድ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ ደግሞ በድሃው የህንድ ገበሬ ግምጃ ቤት ላይ ተጣለ። ሐዲዱን የዘረጋው የቀን ሠራተኛ፣ ዝሆን የነዳው፣ ውኃ የቀዳው፣ ሸክም የተሸከመው ሁሉ ለልጁ የሚያወርሰው ማዕረግ አላገኘም። የብዙ ሰው ድካም ወደ አንድ ስም ተጨምቆ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያ ስም ብቻ ወራሽ ኖረው።

ለንጽጽር ያህል የኢትዮጵያን ልማድ ማስታወስ ይጠቅማል። ርስት የዘር ነበር፤ ወንድም ሴትም ይካፈለዋል። ጉልት ግን በአብዛኛው ከሹመት ጋር ይመጣና ከሹመት ጋር ይሄድ ነበር። የራስ ልጅ በመወለዱ ብቻ ራስ አይባልም፤ ንጉሡ ሊሾመው ያስፈልጋል። ይህ ማለት የኢትዮጵያ መኳንንት ከእንግሊዝ መሳፍንት ይልቅ ለጭሰኛው የሚራሩ ነበሩ ማለት አይደለም። በተግባር የሹም ልጅ ለሹመት የቀረበ ነበር፤ የገበሬው ጀርባም ልዩነቱን አያውቀውም። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር ማዕረጉም አብሮ ተሻረ። ቢሆንም በሐሳብ ደረጃ ልዩነቱ ትምህርት ይሰጣል፤ ሹመት ከሰውየው ጋር የሚያበቃ ከሆነ ተጠያቂነቱም በሕይወቱ ሳለ ይፈለጋል። ክብር እንደ ርስት በዘር ሲተከል ግን ክብሩ ዘላለማዊ፣ ተጠያቂነቱ ጊዜያዊ ይሆናል።

፬

በዚያው በ1868 ሌላም ወራሽ ነበረ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ መቅደላ ስትሰበር 7 ዓመት አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ስትጓዝ መንገድ ላይ አረፈች፤ ትግራይ ውስጥ በጨለቆት ተቀበረች። ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ካፒቴን ስፒዲ የተባለ መኮንን ሞግዚት ሆኖለት ወደ ህንድም ይዞት ሄደ። ኋላ ከለመደው ሰው ለይተው በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። በ1879 በሊድስ ከተማ ታምሞ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

የሁለቱን ቤት ውርስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። መቅደላን ያቃጠለው ሰው ልጆች «የመቅደላ» ተብለው ኖሩ። የመቅደላ ልጅ ግን አገሩን፣ እናቱን፣ ቋንቋውን አጥቶ በባዕድ ከተማ ሞተ። የአንዱ ቤት ጡረታ እስከ ወራሹ ዘለቀ፤ ሌላው የሚኖረው የአባቱን አምባ በሰበረው መንግሥት ችሮታ ነበር። ኢትዮጵያ የልጁን አፅም እንዲመለስላት ጠይቃ ነበር። በ2023 ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ በዚያ የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች አፅም ሳያናውጡ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። ስም በቀላሉ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተጓዘ፤ አፅም ግን ለመመለስ መንገዱ ጠበበው።

፭

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ በቸልታ ማለፍ አይገባም። «አባት ለሠራው ልጅ ለምን ይጠየቃል? በደል የግል ነው፤ ከአብራክ ጋር አይተላለፍም» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ልጅን በአባቱ በደል መቅጣት የደም መላሽ ፍትሕ እንጂ የሥልጡን ሕዝብ ፍትሕ አይደለም። የናፒየር የልጅ ልጅ መቅደላን አላቃጠለም።

ነገር ግን ተቃውሞው ሲመረመር ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ሆኖ ይገኛል። በደል የማይወረሰው ተግባር የሠሪው ብቻ ስለሆነ ነው ከተባለ፣ በዚያው ምክንያት ክብርም ሊወረስ አይችልም። የልጅ ልጁ መቅደላን ካላቃጠለ መቅደላን አልያዘምም። ክብር በዘር ይወርዳል ከተባለ ደግሞ ዕዳም በዚያው መንገድ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይቻላል፤ ከሁለቱም የሚጥመውን ቆርጦ መውሰድ ግን አይቻልም። የውርስ ባላባትነት ፍልስፍና ለዘመናት የቆመው በዚህ ባልተፈቀደ ቁራጭ ላይ ነው።

ወራሽ ምርጫ የለውም የሚል ቢኖር ለብዙ ዘመን ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር። በእንግሊዝ የባላባት ልጅ ማዕረጉን አልፈልግም ቢልም ሕግ ያሸክመው ነበር። ቶኒ ቤን የተባለው የሠራተኛ ፓርቲ ሰው ግን አባቱ በ1960 ሲሞት የስታንስጌት ቫይካውንትነት በግድ ተጭኖት ከሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በመባረሩ ትግል ጀመረ። በ1963 ማዕረግን መተው የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚም እርሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የውርስ ማዕረግ ለያዘው ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድም ነው። በፈቃድ የተያዘ ነገር ደግሞ ጥያቄ ይከተለዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ የተገኘው ከራሱ ከመጀመሪያው ባሮን አፍ ነው። በ1871 የመቅደላ የወርቅ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ በእንግሊዝ ምክር ቤት ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ዕቃዎቹ በእንግሊዝ ጦር መወሰዳቸውን በጥብቅ እንደሚያዝንበት ተናገረ። ናፒየርም እነዚህ ዕቃዎች ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቅርሶች ጋር ሊቆጠሩ እንደማይገባ፣ ለአቢሲንያ መመለስ እስኪቻል ድረስ በአደራ መቀመጥ እንዳለባቸው ማመልከቱን ለምክር ቤቱ ገለጸ።

አደራ! በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከዚህ ቃል የሚከብድ ብዙ ቃል የለም። አደራ በላ መባል ሌባ ከመባል ይብሳል፤ ሌባ ያልታመነ ሰው ነው፤ አደራ በላ ግን ታምኖ የከዳ ነው። እንግዲህ ድል አድራጊው ራሱ የዕዳውን ስም ጠርቶታል። ማዕረጉ ደጋግሞ ባለቤት ሲለውጥ አንድም ጊዜ መንገድ አልጠፋውም። ያ ቃል ግን ወራሽ አጣ።

አንዳንድ ነገር አልተመለሰም ማለት አይደለም። በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ በ1872 ተመለሰ። የቴዎድሮስ አንድ ዘውድ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ማኅተሙና ቆቡ በ1965፣ ከራስ ፀጉሩ የተቆረጠው ደግሞ በ2019 ተመልሰዋል። ነገር ግን ናፒየር በአደራ ይቀመጥ ያለው የወርቅ ዘውድና ጽዋ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀሩ። በ2018 ከሙዚየሙ የተሰማው ሐሳብ በረጅም ጊዜ ብድር መላክ የሚል ነበር። አደራ ተቀባይ ለባለ አደራው የራሱን ንብረት ላበድርህ ሲለው፣ ነገሩ ለአንድ የቲያትር ደራሲ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለታሪክ ግን ቀልድ አይደለም።

፮

ከዚህ ላይ ብዕርን አቁሞ ጣትን ወደ ለንደን ብቻ መቀሰር ቀላል ነበር። ግን የተቀመጠው መርሕ እውነተኛ መርሕ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያም ይዞራል።

ያ የወርቅ ዘውድ የተሠራው በእቴጌ ምንትዋብና በልጇ በኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ይነገራል። እንዴት መቅደላ ደረሰ? ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ዘርፎ አቃጥሏል። በመቅደላ ከተገኙት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ብዙዎቹ የተሰበሰቡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። በመጨረሻው ሳምንትም በቁጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ከገደል አስወርውሯል። በሥራው እንጂ በትውልዱ ያልተነሣው የቋራው ካሣ ራሱ ዙፋን ላይ ሲወጣ የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለት አስፈልጎታል። የተግባር ሰው እንኳ በዘር ክብር ካልታጀበ የማይረጋበት ዘመን ነበር።

የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ቴዎድሮስን አንሥቶ አልጠገበም። «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና «አንድ ለእናቱ» ተጽፈዋል፤ በመድረክም ደጋግሞ ሞቷል። ይህ የሚደነቅ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገርን አንድ ለማድረግ የደከመ፣ ከመማረክ ሞትን የመረጠ ሰው መዘመር ይገባዋል። ነገር ግን ጀግንነቱን ወርሶ የጎንደርን እሳት የሚተው ከያኒ፣ የድሉን ስም ወስዶ የመቅደላን እሳት ከተወው ባላባት በምን ይለያል? የጎንደር ካህንና በገደል የተወረወረው እስረኛ ልጆችም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዘውዱ ሲመለስ ወደ ማን እንደሚመለስ፣ ከማን እጅ እንደ ተወሰደ ደፍሮ የሚናገር ሕዝብ ጥያቄው ይጠነክራል እንጂ አይላላም። የራሱን ሒሳብ የማያወራርድ ግን የሌላውን ዕዳ ለመጠየቅ ድምፁ ይሰልላል።

በለንደን ኩዊንስ ጌት በተባለው ሥፍራ ናፒየር ከፈረስ ላይ ሆኖ በነሐስ ቆሟል። በመቅደላ አናት ላይ ደግሞ በሕዝብ ጉልበት ተጎትቶ የወጣው ሴባስቶፖል መድፍ ተጋድሟል። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ሁለቱም አይናገሩም። ስለ እነርሱ የሚናገረው መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ ተዋናዩ በመድረኩ ላይ፣ ጸሐፊው በብራናው ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ለትውልድ የሚያስተላልፉት የውርስ ሰነድ ሙሉ መሆን አለበት፤ በአንዱ ገጽ የተገኘው ክብር፣ በሌላው ገጽ የቀረው ዕዳ ይጻፍበት።

ልጅ በአባቱ በደል አይኰነንም። የአባቱን ስም በክብር ሊጠራበት የወደደ ሁሉ ግን፣ ባሮንም ይሁን ባለቅኔ፣ የአባቱን አደራ ሊመልስ ይገባዋል።